ጎመንዘርን በኩንታሉ ብቻ አትመዝኑት፦ ከስንዴ ማሳዬ የተማርኩት

በአርሲ ደጋ፣ በበቆጂ አካባቢ ስንዴ አምርቼ የምተዳደር ገበሬ ነኝ። ይህን የምጽፈው ማሳቸው ዓመት በዓመት ስንዴ ብቻ እየተዘራበት ምርቱ ለቀነሰባቸው፣ አረሙ ለበረታባቸውና የማዳበሪያው ዕዳ እንቅልፍ ለነሣቸው ሰዎች ነው። እኛ ብዙ ዋጋ ከፍለን የደረስንበትን እነርሱ በአጭሩ ቢደርሱበት ደስ ይለኛል። የምነግራችሁም ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ነገር ግን ከጓሮ አልፎ ማሳ ይገባዋል ብለን ስለማናስበው ስለ ጎመንዘር ነው።

በእኛ አካባቢ ችግሩ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ሲመታ፣ አብዛኛው ገበሬ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉም ለጥቂት ዓመታት ካሠን። በ2006 ዓ.ም. ግን በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ተነሣና ያንኑ ዲገሉን አጠፋው። በማሳው ውስጥ ያለፈ ሰው ሱሪው እስከ ጉልበቱ የሸክላ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር፤ ዛላው ቆሞ እያለ ፍሬው እንደ ከሙን ቀጥኖ በመዳፍ ሲታሽ ገለባ ብቻ ይሆናል። ኮምባይነር ተከራይቶ ማሳጨዱ ከምርቱ ዋጋ በላይ ስለነበረ ከብት የለቀቁበትም ነበሩ። እኛ ቤት የቀረው የዘርና የማዳበሪያ ብድር ነበር።

ዋጉ ከነፋስ ጋር ከሩቅ የሚመጣ በሽታ ነው፤ አንድ ገበሬ በማሳው ላይ በሚያደርገው ነገር ብቻ ሊከለክለው አይችልም። ጥፋቱን ያን ያህል ከባድ ያደረገው ግን ያለን መሬት ሁሉ በአንድ ሰብል፣ ያውም በአንድ ዝርያ የተሸፈነ መሆኑ ነው። ደግሞም ዋጉ ገና ሳይመጣ ማሳው ተዳክሞ ነበር። ሲናርና ሙጃ የሚባሉት የሣር አረሞች ከስንዴው እኩል ይበቅላሉ። ሲናር ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ከስንዴ ለመለየት ስለሚያስቸግር አራሚዎቹ በእጃቸው እየዳሰሱት ያልፉታል፤ በኋላም ከስንዴው ቀድሞ ዘሩን ያራግፍና የመጪውን ዓመት አረም ራሱ ይዘራል። ትራክተር በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት የሚገለብጠው መሬትም ከሥሩ ጠጥሮ፣ ዝናብ ሲበዛ ውኃ ያቁር ነበር።

በዚያ ዓመት ከቤታችን ጀርባ፣ ከበረቱ አጠገብ፣ እናቴ የዘራችው ጎመንዘር ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ ነበር። እናቴ እንደ አካባቢው ሴቶች ሁሉ ቅጠሉን በክረምት ለወጥ፣ ፍሬውን ደግሞ ለምጣድ ማሰሻ ትጠቀምበታለች። ፍሬውን በሙቀጫ ወቅጣ በጨርቅ ትቋጥረዋለች፤ ምጣዱ ሲግል በቋጠሮው ስታሰሰው ቅባቱ ይወጣና እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሣል። ስለ ዕዳው ስንማከር እናቴ «አንተ ልጅ፣ ይህን መሬት አንድ ዓመት እንኳ ከስንዴ አሳርፈው። መሬትም እንደ ሰው አንድ ምግብ ብቻ ሲቀርብለት ይታክተዋል፤ ጎመንዘር ዝራበት» አለችኝ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያም ሐሳቧን ደገፈው። ጎረቤቶች ግን «ጎመንዘር የጓሮ ነው፤ ስንዴ የሚያበቅል መሬት ለጎመን ይሰጣል ወይ?» ይሉን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ተክሉ ምንነት ጥቂት ልበል፤ ሬዲዮ ላይም ሆነ መጽሐፍ ላይ ስለ ካናዳና ስለ አውሮፓ የቅባት ጎመን የሰማ ሰው ከእኛ ጋር አንድ እያደረገ ሲሳሳት አይቻለሁ። በእነርሱ ዘንድ በሰፊው የሚዘራው ናፐስ የተባለው ዝርያ ነው። የእኛው ጎመንዘር ካሪናታ ይባላል፤ ጥንት ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ዘመድ ተዳቅለው የተገኘ፣ መነሻውም የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ይህን ዝምድና ናጋሃሩ ዩ የተባለ ተመራማሪ በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስረድቷል። ለገበሬ የሚጠቅመው ልዩነት ይህ ነው፦ የእኛው ፍሬውን የሚይዘው ቆባ እንደ ናፐስ በቀላሉ አይፈነዳም፣ ድርቅን የተሻለ ይችላል፣ ናፐስን የሚያጠቃውን የግንድ አድርቅ በሽታም ይቋቋማል። በሌላ በኩል ዘይቱ እንደ ካናዳው የተጣራ ባሕርይ የለውም፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ፈተና ዘሩን ማግኘት ነበር። ገበያ ላይ የሚሸጠው ጎመንዘር ብዙውን ጊዜ ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ የሰናፍጭና የአረም ዘር የገባበት ነው። እንዲህ ያለውን የዘራ ጎረቤቴ ማሳው ግማሹ አብቦ ግማሹ ገና ቅጠል ላይ ሆኖ፣ ለማጨድም ለመጠበቅም ተቸግሮ ነበር። ስለዚህ ቢቻል የተለቀቀ ዝርያ ፈልጉ። ለረጅም ጊዜ የጎመንዘር ማሻሻያ ሥራ የሚሠራው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ሆለታ አንድና የሎ ዶዶላ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ በየአካባቢያችሁ ያለው የምርምር ማዕከልም የትኛው ለከፍታችሁ እንደሚስማማ ይነግራችኋል። በጥቅሉ ጎመንዘር የደጋና የወይና ደጋ ሰብል ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 እስከ 2,800 ሜትር ባለው ከፍታ ደኅና ይሆናል።

የዘሩ ወጪ ቀላል ነው። ለስንዴ በሄክታር ከ1 ኩንታል በላይ ዘር የሚያስፈልግ ሲሆን ለጎመንዘር 10 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። ይህ ጥቅም ግን ወጥመድም አለው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በእጅ ሲበተን እዚህ ይከመራል፣ እዚያ ይሳሳል፤ ደግሞም ብዙ ሰው «ትንሽ ነው» እያለ ከልኩ በላይ ይበትናል። የተጨናነቀ ጎመንዘር ቀጥኖና ቅርንጫፍ ሳያወጣ ይመዘዝና በነሐሴ ነፋስ ይጋደማል። እኛን የረዳን ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ነው። በመስመር ለሚዘራም በመስመሮቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር መተው ይስማማዋል። መሬቱ ጓል ሊኖረው አይገባም፤ ለስንዴ «ይበቃል» የምንለው የእርሻ ልስላሴ ለጎመንዘር አይበቃም። ዘሩ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ አቅም አጥቶ ይቀራል፤ ስለዚህ በሞፈር አትመልሱበት፣ ቅጠላም ቅርንጫፍ እየጎተታችሁ በስሱ አልብሱት። ውኃ የሚያቁር መረሬ መሬት ከሆነም የውኃ መውረጃ ቦይ ሳታወጡ አትዝሩ፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ቅጠሉ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ እዚያው ይቆማል።

ጊዜው ሰኔ ነው። እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የሚዘሩ አሉ፤ ነገር ግን በዘገየ ቁጥር የፍሬው መሙያ ጊዜ ከጥቅምትና ከኅዳር ውርጭ ጋር ይገናኛል። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ማዳበሪያ ነው። ጎመንዘር ለስንዴ ጥሩ ቀዳሚ ሰብል ነው ሲባል እንደ ባቄላ ናይትሮጅን ለመሬት የሚሰጥ ይመስላቸዋል። አይሰጥም፤ እንዲያውም ናይትሮጅን በብርቱ የሚፈልግ ሰብል ነው። እናቶቻችን ከበረት አጠገብ የሚዘሩት በዚህ ምክንያት ነው። ድኝ የተባለውን ንጥረ ነገርም ከእህል ሰብሎች የበለጠ ስለሚሻ፣ በውስጡ 7 በመቶ ድኝ ያለው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ይስማማዋል። ዩሪያውን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ከአረም በኋላ መስጠት እኛ ዘንድ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ በሐምሌ ያልጠበቅነው በረከት መጣ። የበቀለውን ማሳሳት ስለሚያስፈልግ የሚነቀለው ለጋ ጎመን ቤታችንን ቀለበ፣ የቀረውም ገበያ ወጣ። ክረምት ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስንዴ ከዘራን እስከ ኅዳር ድረስ ከማሳው አንዲት እፍኝ አናገኝም። ጎመን እያሳሳችሁ የምትበሉት ወይም የምትሸጡት ግን በችግኝነቱ ብቻ ነው፤ ለፍሬ የተተወውን ተክል ቅጠሉን ደጋግሞ መቀንጠስ ፍሬውን ይጎዳል።

አረሙን በሚመለከት ለእኔ ዓይን የገለጠልኝ ነገር እዚሁ ሐምሌ ላይ ሆነ። በስንዴ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ሲናር በሰፋፊ የጎመን ቅጠሎች መካከል ቀጥ ብሎ ሲቆም ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል። በዓመታት ውስጥ በእጅ ታርሞ የማያውቀው ሲናር በዚያ ክረምት ዘር ሳይሰጥ ተነቀለ። በእጅ ለማይዳረስ ሰፊ ማሳም ቅጠለ ሰፊ ሰብል ላይ የሚረጭ ሳር ገዳይ መድኃኒት አለ፤ ስንዴ ላይ ቢረጭ ስንዴውን የሚገድለው መድኃኒት ጎመንዘርን አይነካም። በነሐሴ ደግሞ ቅጠሉ መስመሩን ዘግቶ መሬቱን ስለሚያጨልም ዘግይቶ የሚበቅለው አረም ብርሃን ያጣል።

ሆኖም ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰብን በዚያው ሰሞን ነው፤ ይህን በተለይ አደራ እላችኋለሁ። ከአጠገባችን ባለው የስንዴ ማሳ ላይ ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ ቱ ፎር ዲ ተረጨ። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊ አረም ለማጥፋት የተሠራ ነው፤ ጎመንዘርም ቅጠለ ሰፊ ነው። በማግስቱ በድንበሩ በኩል ያለው ጎመንዘር አንገቱን ወደ መሬት ጠመዘዘ፣ ግንዱ እንደ ገመድ ተገመደ፣ ቅጠሉም ተጨማደደ። ወሰኑን ተከትሎ ሰፊ ጥግ ባዶ ቀረ። ጎረቤቴ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም ነበር። ስለዚህ ጎመንዘር ከመዝራታችሁ በፊት የድንበር ጎረቤቶቻችሁን ሰብስባችሁ ቡና ላይ ንገሯቸው፦ ርጭቱ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ እንዲሆን፣ ከድንበሩም ጥቂት ርቀት እንዲተው። የጀርባ መርጫ የምትዋሱ ከሆነም በውኃ ብቻ መለቅለቅ አይበቃም፤ ቱ ፎር ዲ የተረጨበት መርጫ በሳሙና ደጋግሞ ካልታጠበ ጎመንዘራችሁን በራሳችሁ እጅ ታቃጥላላችሁ።

በመስከረም ማሳው በሙሉ ቢጫ ሆነ። በዚህ ጊዜ የሚያሰጋው ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ነው፤ ዝናቡ ሲያቋርጥና ፀሐይ ሲበረታ አመድ የመሰለ ነገር የአበባውን ጫፍ ይሸፍነዋል፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አመዱ ይንቀሳቀሳል። ሁልጊዜ ከማሳው ዳር ስለሚጀምር በየጊዜው ዳሩን መዞር ያስፈልጋል። በጊዜ ከታየ የተጠቃውን ጫፍ ቆርጦ መቅበር ብቻ ሊበቃ ይችላል። መርጨት ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ፣ ባለሙያ የመከረውን መድኃኒት ብቻ እርጩ። ቀፎ ያለው ጎረቤት ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። የጎመንዘር አበባ ለንብ ትልቅ ቀለብ ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው ማር ቶሎ ስለሚረጋ በጊዜ መቁረጥ ያስፈልጋል እንጂ ጥሩ ማር ነው።

አጨዳውን በሚመለከት ቆባው በቀላሉ አይፈነዳም ያልኳችሁ በንጽጽር ነው። ማሳው ሁሉ እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው ፍሬውን መሬት ላይ ያገኘዋል። አብዛኛው ቆባ ሲገረጣና የታችኛው ቆባ ሲከፈት ፍሬው የራሱን ቀለም፣ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ይዞ ሲገኝ ጠዋት በጤዛ ማጨድ ነው። ከምሩ ላይ ጥቂት ቀን ይሰንብትና በሸራ ላይ በዱላ ይወቃ። አውድማ ላይ በከብት ማበራየት ግን አልመክርም፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በመሬቱ ስንጥቅ ይገባል፣ ከአፈር ጋር ሲቀላቀልም ነጋዴው ዋጋውን ይሰብረዋል። በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» የማይል ፍሬ በጆንያ መግባት የለበትም፤ እርጥበት ያለው ጎመንዘር በጆንያው ውስጥ ይግልና ይበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዚያን ዓመት የጎመንዘር ምርት ደኅና ዓመት ላይ ከምናገኘው የስንዴ ምርት በኩንታል ያንሳል። በአጨዳ ሰሞን ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር። በዚያ ላይ ብቻ ሒሳብ ሠርተው «አያዋጣም» ብለው የተዉት ጎረቤቶች አሉ፤ ሒሳቡን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተዉት። ጎመንዘር የሚከፍለው በሁለት ዓመት ነው። በቀጣዩ ክረምት በዚያው ማሳ ላይ ስንዴ ስንዘራ አራሚ የቀጠርነው ለጥቂት ጊዜ ነበር፤ ሲናሩ ሳስቷል። የጎመንዘሩ ወፍራም ዋና ሥር ጠጥሮ የነበረውን መሬት ሰርስሮ ገብቶ ስለነበር ውኃው ይወርዳል፣ ስንዴውም ቢጫ ሳይሆን እኩል ተነሣ። ከጎኑ ስንዴ በስንዴ ላይ የተዘራበት ጥማድ ነበረንና ልዩነቱን ለማየት ድንበሩ ላይ መቆም ብቻ ይበቃ ነበር። ሳይታጨድ የረገፈው ጎመንዘር በስንዴው ውስጥ መብቀሉ አይቀርም፤ ያንን ደግሞ ያው ቱ ፎር ዲ ያጸዳዋል።

ይህ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት እናቴ ሙቀጫ ላይ ስትወቅጥ ዓይኗን የሚያስለቅሳት ነገር ነው። የጎመንዘር ፍሬ፣ ቅጠልና ሥር ግሉኮሲኖሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ሲቆረጥ ወይም ሲደቅ በራሱ ውስጥ ካለ ኢንዛይምና ከውኃ ጋር ተገናኝቶ አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ትነት ይለቃል። ያ ትነት በአፈር ውስጥ ያሉ አንዳንድ የሥር በሽታ አምጪ ፈንገሶችንና ትሎችን ያዳክማል። ኃይሉ የሚበረታው ግን ተክሉ ለጋ ሳለ ተቆራርጦ ወዲያው ሲታረስ እንጂ ከደረቀው ገለባ ብዙ አይጠበቅም። በእኛ ማሳ ትልቁን ሥራ የሠራው ለሥር በሽታዎቹ የስንዴ ሥር አንድ ዓመት መንፈጉና አረሙን ማጽዳቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋግን በተመለከተ ጎመንዘር መድኃኒት አይደለም፤ ዋግ ቢመጣ ግን ከመሬታችሁ ከፊሉ ዋግ በማይነካው ሰብል መሸፈኑ ዕዳችሁን የምትከፍሉበት ነገር ይተውላችኋል። በራሱ በጎመንዘር ላይም በሽታ እንዳይመጣ፣ ወደ አንድ ማሳ ቶሎ አትመልሱት፤ እኛ በመካከሉ ስንዴ፣ ባቄላና እንደገና ስንዴ እናስገባለን።

ስለ ዘይቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የጎመንዘር ዘይት ኢሩሲክ አሲድ የሚባለው ስብ ይበዛበታል፤ ከጠቅላላው ስብ ሲሦውን አልፎ ይሄዳል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ምርምሮች ይህ ስብ በብዛት ሲበላ በልብ ጡንቻ ውስጥ መከማቸቱ ታይቷል፤ ካናዳውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዚህን አሲድ መጠን ከ2 በመቶ በታች ያወረዱ ዝርያዎችን ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለምጣድ ማሰሻ መጠቀም ሌላ፣ የቤተሰብ የዕለት ወጥ ሁሉ በእርሱ ብቻ መሠራቱ ሌላ ነው። እኛ ለወጥ የኑግ ወይም ሌላ ዘይት እንጠቀማለን፣ ጎመንዘሩን እንሸጣለን። ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎም ፕሮቲኑ ብዙ ቢሆንም ያው የሚሰነፍጠው ነገር ስላለበት ለከብት ሲሰጥ በጥቂቱ ተጀምሮ ከኑግ ፋጉሎና ከፉርሽካ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ብቻውን በብዛት የቀረበላት ላም መብላቷን ትቀንሳለች።

ለምግብ የማይመረጠው ይህ ዘይት ለፋብሪካ ግን የሚፈለግ ነው። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካናዳ ከካሪናታ ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ የሚበር አውሮፕላን ተሞክሯል፤ በ2018 ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን የበረረ የመንገደኞች አውሮፕላን ከነዳጁ 10 በመቶው የካሪናታ ነበር። ኡራጓይና የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ገበሬዎች በእነርሱ የብርድ ወራት ባዶ በሚያድር መሬታቸው ይዘሩታል። ከእኛ ደጋ የተነሣ ዘር እዚያ ድረስ ሄዶ ዋጋ ሲያወጣ እኛ ለጓሮ ብቻ መተዋችን ያስቆጨኛል። ይህ ማለት ግን ነገ ገዥ በራችሁን ያንኳኳል ማለት አይደለም፤ ከመዝራታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ የሚገዛችሁን ዘይት ጨማቂ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠይቁ፣ በአጨዳ ሰሞን ሁሉንም አትሽጡ። በደንብ የደረቀ ጎመንዘር ስለማይነቅዝ እስከ ፋሲካ ማቆየት ይቻላል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ሰሞን ይሻሻላል።

ለመጀመር ለሚያስቡ የምመክረው መሬታቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳይቀይሩ ነው። ሲናር ወይም ሙጃ ከሁሉ የበረታበትን፣ ውኃ የማይተኛበትን አንድ ጥማድ ምረጡ። እስከ ግንቦት ማብቂያ አርሳችሁ አለስልሱት፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ንጹሕ ዘር አዘጋጁ። ለመጪው ዓመት የራሳችሁን ዘር ለማስቀረት ካሰባችሁ ደግሞ ከማሳው መካከል፣ ከሌላ ጎመንና ከሰናፍጭ ራቅ ካለው በኩል፣ ያማሩትን ተክሎች ለይታችሁ ለብቻቸው ውቁ፤ ንብ ከጎረቤት ማሳ እየተመላለሰች ስለምታዳቅለው ዳር ላይ ያለው ተክል ዘሩ አይታመንም።